ሙያ የፈጠራ ጠላት አይደለም፦ ስለ ቴክኖሎጂ ሥራ ፈጣሪዎች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ሰነበተ። እኔ ዘንድ የደረሰው በሦስት ሰዎች በኩል ነው። ሁለቱ «አንብበው፣ ደስ ይላል» ብለው ላኩልኝ። ሦስተኛዋ ኮድ መጻፍ ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራዋን አልፎ አልፎ አይላታለሁ። የእሷ መልእክት አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ እውነት ከሆነ እኔ ለምንድን ነው የምለፋው?»

ይህን ምላሽ የምጽፈው በእሷ ጥያቄ የተነሳ ነው።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ጭብጡ ይህ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት የቴክኖሎጂ ሥራ ፈጣሪ ሀብቱ ሐሳቡ ነው። ፈጠራ ተሰጥኦ ነው፤ ወይ አለህ ወይ የለህም። የሚመጣውም በድንገት፣ እንደ መብረቅ ነው። በአንድ ሙያ ዓመታት ማሳለፍ አእምሮን ያደነድናል፣ «አይቻልም» ማለትን ያስለምዳል። ምስክር አድርገው የሚጠሩት ዩኒቨርሲቲ አቋርጠው ቢሊየነር የሆኑ ወጣቶችን ነው። «አሥር ሺህ ሰዓት የተለማመደ ሊቅ ይሆናል» የሚባለውም በጥናት ውድቅ ሆኗል ይላሉ። ሙያ ካስፈለገ ሰው ይቀጠራል። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስላለ መቅጠሩም ይቀራል። በመጨረሻ «ካልሠራልህ ቶሎ ጥለህ ወደ ሌላ እለፍ» ብለው ይመክራሉ።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የፈለጉት ወጣቶች እንዲደፍሩ ነው፤ እኔም እፈልጋለሁ። የምስማማባቸው ነጥቦችም አሉ፣ ስደርስባቸው እናገራለሁ። መሠረቱ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ሙያን የሳሉት ሐሳብ ከተገኘ በኋላ የሚመጣ የጉልበት ሥራ አድርገው ነው። እኔ በሥራዬ ያየሁት ሌላ ነው። ሐሳቡን የሚያየው ዓይን ራሱ የሚሠራው በሙያው ውስጥ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው የጀመሩት ከቢል ጌትስ ነው፤ እኔም ከእሱ ልጀምር። ጌትስ ሀርቫርድን ያቋረጠው በ1975 ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ጌትስ በትምህርት ቤቱ የነበረውን የኮምፒውተር ተርሚናል መነካካት የጀመረው በ1968፣ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ያኔ ኮምፒውተር እንኳን ለተማሪ ለብዙ ድርጅትም የማይቀመስ ነገር ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ሲወጣ ከኮድ ጋር ሰባት ዓመት ኖሯል።

እሱና ማይክሮሶፍትን አብሮት የመሠረተው ፖል አለን አልቴር ለተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሲያዘጋጁ ማሽኗ እጃቸው ላይ አልነበረችም። አለን የማሽኗን ቺፕ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራውን ትንሽ ክፍል፣ መመሪያ አነበበ። ከዚያ በሀርቫርድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ የቺፑን ጠባይ የሚያስመስል ፕሮግራም ጻፈ። ቤዚኩን የሠሩት በዚያ ላይ ነው። ቤዚኩ 4 ኪሎባይት ሚሞሪ ባላት ማሽን ላይ መሥራት ነበረበት። ዛሬ በስልካችን የምንላላከው አንድ ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አለን ሥራውን ለማሳየት አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለው። ፕሮግራሙን ወደ ማሽኗ የሚያስገባው መጫኛ ኮድ አልተጻፈም። እዚያው በረራው ላይ በማሽን ቋንቋ ጻፈው። ሲሞከርም ሠራ።

እነዚህ ሰዎች ጥርሳቸውን የነቀሉት በዚህ ሥራ ነው። ትምህርት ቤቱን አቋረጡ እንጂ ሙያውን አንድም ቀን አላቋረጡም። ማርክ ዙከርበርግም እንዲሁ ነው። በ2004 ከሀርቫርድ ሲወጣ ከልጅነቱ ጀምሮ ፕሮግራም ሲጽፍ የኖረ ልጅ ነበር። ታሪኩ ሲነገር ግን መውጣቱ ብቻ ይወራል፣ ልፋቱ ይጣላል።

ወጣትነትን በተመለከተም ጸሐፊው ሳያዩት ያለፉት ጥናት አለ። ተመራማሪው ፒየር አዙሌና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ኩባንያ የመሠረቱ 2.7 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ መረመሩ። ከሺህ አንድ የሆኑትን፣ በፍጥነት ያደጉትን ኩባንያዎች ለይተው የመሥራቾቻቸውን ዕድሜ አዩ። አማካዩ 45 ዓመት ነው። በዚያው ዘርፍ ቀድሞ የሠራ ሰው የመሳካት ዕድሉ በግልጽ ከፍ ይላል።

ሞሪስ ቻንግን ውሰዱ። በአሜሪካው ኩባንያ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከ1958 እስከ 1983 ለ25 ዓመት ቺፕ በማምረት ሥራ ላይ ቆየ። እዚያ ሳለ አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል። ጎበዝ የቺፕ ንድፍ ባለሙያዎች የራሳቸውን ኩባንያ ማቋቋም ይፈልጋሉ። ግን የማምረቻ ፋብሪካ መክፈቻ ገንዘብ የላቸውም። ስለዚህ ሐሳባቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ቻንግ በ1987፣ በ55 ዓመቱ፣ የራሱን ቺፕ የማይነድፍ፣ የሌሎችን ንድፍ ብቻ የሚያመርት ኩባንያ መሠረተ። ቲኤስኤምሲ ይባላል። ዛሬ የዓለም የረቀቁ ቺፖች አብዛኞቹ የሚወጡት ከእሱ ፋብሪካዎች ነው። ይህ ንጹሕ ፈጠራ ነው። አዲስ ማሽን አልፈለሰፈም፤ ሥራውን በአዲስ መልክ ከፈለው። ፋብሪካ ውስጥ 25 ዓመት ያልዋለ ሰው ያንን ክፍተት ከየት ያየዋል?

ቀጣዩ የመብረቁ ነገር ነው። እዚህ ላይ ረጋ ማለት እፈልጋለሁ። ብዙ ወጣት የሚሳሳትበት ቦታ ይሄ ነውና።

ሐሳብ በድንገት ብልጭ ይላል። ይህን አልክድም፣ በራሴም ደርሷል። በጣም የምወደው ምሳሌ ኤድዊን ላንድ ነው። በ1943 ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ወጥቶ ልጁን ፎቶ ያነሳታል። ልጅቷ የሦስት ዓመት ሕፃን ናት። «ፎቶውን ለምን አሁኑኑ ማየት አልችልም?» ብላ ጠየቀችው። ላንድ ወጣ ብሎ መራመድ ጀመረ። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ካሜራውም፣ ፊልሙም፣ ኬሚስትሪውም ባብዛኛው በጭንቅላቱ ተሰካክቶ ነበር። ወዲያው ፎቶ የሚያወጣው የፖላሮይድ ካሜራ የተፀነሰው ያን ቀን ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ጸሐፊው ልክ በሆኑ ነበር። ግን ያ ሰው ማን ነበር? ላንድ የብርሃን ማጣሪያ ስስ ፊልም መሥራት የጀመረው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። እሱም ዩኒቨርሲቲ አቋርጧል። ያቋረጠው ግን ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለማንበብ፣ ማታ ላቦራቶሪ ውስጥ ለመሞከር ነው። ልጁ ስትጠይቀው በብርሃን፣ በስስ ፊልምና በኬሚካል ከ15 ዓመት በላይ ሠርቷል። ያንኑ ጥያቄ በዚያ ዘመን ስንት ሕፃን ለስንት አባት ጠይቆ ይሆን? ብዙዎቹ አባቶች «ፎቶ ቤት ታጥቦ ነው የሚመጣው» ብለው አልፈዋል። ላንድ ግን ጥያቄውን ሲሰማ የሚገጣጠሙ ዕቃዎች በእጁ ነበሩ።

ከብልጭታው በኋላ ያለውንም እንይ። ካሜራው ለሽያጭ የቀረበው በ1948 ነው። ባለ ቀለሙ ፊልም በ1963 መጣ። ፎቶው ከካሜራው ወጥቶ በብርሃን ላይ ራሱን በራሱ የሚገልጠው ካሜራ የወጣው በ1972 ነው። አንድ ሰዓት የፈጀ ሐሳብ፣ ወደ 30 ዓመት የፈጀ ሥራ።

ይህ ለምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ጥሩ ሙከራ አለ። ዊልያም ቼይስ እና ኸርበርት ሳይመን በ1973 ያሳተሙት ነው። የቼዝ ሰሌዳን ከእውነተኛ ጨዋታ መሀል አቁመው ለተጫዋቾች ለ5 ሰከንድ ያሳያሉ። ከዚያ ሸፍነው «ድንጋዮቹን በቦታቸው መልሱ» ይላሉ። ሊቁ አብዛኞቹን ይመልሳል። ጀማሪው ጥቂት ብቻ ነው የሚያስታውሰው። «ሊቁ የማስታወስ ችሎታው ይለያል» ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ድንጋዮቹ ያለ ሥርዓት እንዲሁ ሲበተኑ የሊቁ ብልጫ ሊጠፋ ይቃረባል። የሚለየው ዓይኑ ነው። እኛ ሃያ ምናምን ድንጋይ የምናይበት ቦታ እሱ አራት አምስት የሚያውቃቸውን ቅርጾች ያያል። ቅርጹን ስለሚያውቅም ከቅርጹ ያፈነገጠውን ወዲያው ይለያል። የሥራ ፈጣሪ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚያች ካፈነገጠችው ነገር ነው።

«ሙያ ያደነድናል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። በሙያው ታስሮ የቀረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ጸሐፊው ኮዳክን ጠቅሰዋል። የፊልም አዋቂዎች ስለነበሩ ዲጂታል ካሜራን ማየት ተሳናቸው ይላሉ። ግን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 የሠራው የኮዳክ የራሱ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን ነው። አንድ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ባለሙያው አይቶታል፣ ሠርቶታል፣ ለአለቆቹም አሳይቷል። የፈሩት የፊልም ገበያቸውን እንዳያጡ የሰጉ ኃላፊዎች ናቸው። ኩባንያው በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ያንን ጥፋት በሙያ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። የሚያደነድነው መማር ማቆም ነው። መማር ያቆመ የ22 ዓመት ወጣትም ይደነድናል።

ወደ አሥር ሺህ ሰዓቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊሉን ልክ ናቸው። በ2014 ብሩክ ማክናማራና ባልደረቦቿ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው አነጻጸሩ። ልምምድ በሰዎች መካከል ያለውን የብቃት ልዩነት ምን ያህል ያስረዳል? በጨዋታ 26 በመቶ፣ በሙዚቃ 21 በመቶ፣ በስፖርት 18 በመቶ። በሥራ ሙያዎች ግን ከ1 በመቶ በታች። ስለዚህ «አሥር ሺህ ሰዓት ቁጭ በል፣ ሊቅ ትሆናለህ» የሚለው ነገር ውሃ አያነሳም። ቁጥሩ ራሱ ቀድሞውንም ሕግ አልነበረም። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 ያጠኗቸው የበርሊን ምርጥ የቫዮሊን ተማሪዎች እስከ 20 ዓመታቸው ያጠራቀሙት ልምምድ አማካይ ነው። አማካይ ማለት ግማሾቹ ገደማ ከዚያ በታች ናቸው ማለት ነው።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው ልምምድ ከንቱ ነው» አሉ። ይህ ዝላይ ነው። የወደቀው ሰዓት መቁጠሩ ነው። አሥር ዓመት አንድ ዓይነት ድረ ገጽ የሠራ ሰው የአንድ ዓመት ልምድ አሥር ጊዜ ደግሟል። እውነተኛ ልምምድ ከአቅምህ ትንሽ ከፍ ያለውን መሞከር ነው። ስህተትህን ቶሎ ማወቅ ነው። ያንኑ ነገር ለውጠህ እንደገና መሥራት ነው።

ስቲቭ ዎዝኒያክ ይህን ያለ አስተማሪ አድርጎታል። ልጅ ሳለ የኮምፒውተር ቺፕ መግዣ ገንዘብ አልነበረውም። የነበሩትን ኮምፒውተሮች መግለጫ እያገኘ በወረቀት ላይ እንደገና ይነድፋቸው ጀመር። ዕቃውን ስለማያገኘው ለራሱ አንድ ጨዋታ ፈጠረ። የዛሬውን ንድፍ ከትናንቱ ባነሰ ቺፕ መሥራት። ለዓመታት እንዲህ ቆየ። በ1976 እና በ1977 የአፕል የመጀመሪያ ኮምፒውተሮች ሲወጡ ሰው የተደነቀው በዚያ ቁጥብነት ነው። «እንዴት በዚህች ጥቂት ቺፕ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ያ የወረቀት ክምር ነው።

ጄምስ ዳይሰንንም አስቡት። የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ከረጢቱ ሲደፈን መሳቡን እንደሚቀንስ አስተዋለ። እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ላይ ደግሞ አየርን በማሽከርከር ብናኝ የሚለይ ትልቅ መሣሪያ አይቷል። ሁለቱን አገናኘ። ሐሳቡ በቃ ይሄው ነው፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነግሮ አለቀ። ለመሥራት ግን ወደ አምስት ዓመትና 5,127 ናሙና ፈጀ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ ነበር። ብዙ ከለወጠ የትኛው እንደረዳ አያውቅማ። እኔ ይህን ሳነብ የምደነቀው በትዕግሥቱ ብቻ አይደለም። ሦስት ሺህኛው ናሙና ላይ ያለው ዳይሰን ከመጀመሪያው ናሙና ዳይሰን ጋር አንድ ሰው አይደለም። አየሩ በዚያ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ምን እንደሚሆን በእጁ ያውቀዋል። በዚያን ጊዜ የሚመጡለት ሐሳቦች መጀመሪያ ላይ ሊመጡለት የማይችሉ ናቸው።

«ሙያ ይቀጠራል» የሚለው ነጥብ እኔን በግል ይነካኛል። የመጀመሪያ ኩባንያዬ የፈረሰው በዚህ እምነት ነውና።

ከጓደኛዬ ጋር ሆነን የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ልንሠራ ተነሳን። ሐሳቡ የእኛ፣ ኮዱ የተቀጣሪ ድርጅት። በሰዓቱ አስረከቡን፣ ማሳያው ያምራል። ደንበኞች መጠቀም ሲጀምሩ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር መዝገብ ይጠፋ ጀመር። ድርጅቱን ስንጠይቅ «የኔትወርኩ ችግር ነው» አለን። እኛ ለመመርመር ዕውቀቱ የለንም። አመንን። ሌላ ክፍያ ከፈልን። እንደገና ጠፋ። ከስምንት ወር በኋላ ሦስት ደንበኛ ብቻ ቀረን፣ ዘጋነው። በኋላ ስማር ነው ችግሩ የገባኝ። ኮዱ መዝገቡ በእርግጥ መድረሱን ሳያረጋግጥ «ተመዝግቧል» ይል ነበር። አንድ ዓመት ስለ ዳታቤዝ (ስለ መረጃ ማከማቻው) የተማረ ሰው በግማሽ ቀን ያገኘዋል።

ከዚያ ተቀምጬ ተማርኩ። ሦስት ዓመት ለሌሎች ሰዎች ስሠራ ቆየሁ። ከዚያ ያንኑ ሥራ እንደገና ጀመርነው፣ በዚህኛው ጊዜ በራሳችን እጅ። አንድ ቀን ሶፍትዌሩ ለምን እንደዘገየ ለማወቅ ዳታቤዙን እየፈተሽኩ ሳለ አንድ እንግዳ ነገር አየሁ። «ማስታወሻ» የሚል ትንሽ ሳጥን ሠርተን ነበር። ማንም አይጽፍበትም ብለን ነበር። ተሞልቷል። «ው3»፣ «ው5»፣ «ው2 ተመለሰ» ይላል። አንዱ ደንበኛ ዘንድ ብቻ መስሎኝ ነበር። ግን ፈጽሞ የማይተዋወቁ የአራት መጋዘን ሠራተኞች የሚመሳሰል ምልክት ፈጥረዋል። ደውዬ ጠየቅኩ። ው ማለት ውሰት ነው። ለሌላ መጋዘን ያዋሱትን ዕቃ መጻፊያ ቦታ አልሰጠናቸውም። የእኛ ሶፍትዌር የሚያውቀው ገቢና ወጪ ብቻ ነው። ውሰት ግን ወጥቶም ያልወጣ ዕቃ ነው። የውሰት መዝገብ ሠራንላቸው። ደንበኞቻችን እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያመሰግኑን በዚያ ነው።

ይህን ሐሳብ ቁጭ ብዬ አላሰብኩትም። ዳታቤዙን በራሴ እጅ ስለከፈትኩ ነው ያየሁት። ለሌላ ሰው «ፍጥነቱን አስተካክል» ብዬ ብሰጠው ኖሮ ሳጥኑን አሳጥሮ ይመልስልኝ ነበር። ከታዘዘው አንጻርም ጥፋት የለበትም።

ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ላይ ስቲቭ ጆብስን ያነሳሉ። ጆብስ ኮድ አይጽፍም ነበር፣ ዎዝኒያክ ነበረለት። ጠንካራው ክርክራቸው ይሄ ነው፣ በቁም ነገር ልውሰደው። አዎ፣ የጆብስ ሙያ ኮድ አልነበረም። ሙያው ዕቃው በሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነበር። በዚያ ሙያ ላይ ከ1976 ጀምሮ ሠርቷል። በ1985 ከአፕል ወጥቶ ኔክስት የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ኮምፒውተሩ በደንብ አልተሸጠም። ሶፍትዌሩ ግን አፕል ኔክስትን ሲገዛ ለአዲሱ የማክ ሲስተም መሠረት ሆነ፣ ከዚያም ለአይፎን። አይፎን በ2007 ሲወጣ ጆብስ በዚህ ሥራ ላይ 31 ዓመት ሆኖታል። ሁሉም መሥራች መሐንዲስ ይሁን አልልም። አንድ ነገር እስከ ሥሩ ይወቅ እላለሁ። ያ ነገር ኮድ ሊሆን ይችላል፣ ንድፍ ሊሆን ይችላል፣ የደንበኛው የዕለት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ምንም ሳያውቁ ባለሙያ መቅጠር የት እንደሚያደርስ ቴራኖስ የተባለው የደም ምርመራ ኩባንያ አሳይቷል። ኤልዛቤት ሆምስ በ2003፣ በ19 ዓመቷ መሠረተችው። ከጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ ማድረግ፤ ሐሳቡ ያማልላል። ሳይንቲስት አልጎደላትም። የቀጠረቻቸው ሰዎች ችግሩን ሲናገሩ ግን የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። በ2022 ኢንቨስተሮችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች።

አሁን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ወጣቷን ያስጨነቃት ይህ ክፍል ነው። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ድሮ ሁለት ቀን የሚፈጀኝን ዛሬ በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ። እሰየው እላለሁ። ግን እሷ ራሷ ጽሑፉን በላከችልኝ ሳምንት ምን እንደገጠማት ልንገራችሁ።

የትኬት መሸጫ እየሠራች ነው። ኮዱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጻፈችው። ሞከረችው፣ ይሠራል። ከዚያ አንድ ነገር አልተዋጠላትም። አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶ ሁለት ሰዎች እኩል ቢጫኑስ? ኮዱ መጀመሪያ «ወንበር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ለሁለቱም «አለ» ይባላል። ቀጥሎ ለሁለቱም ይሸጣል። ብቻዋን ስትሞክረው ይህ ስህተት በጭራሽ አይታይም። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ነው የሚፈነዳው። መፍትሔው መጠየቁንና መሸጡን አንድ የማይነጣጠል እርምጃ ማድረግ ነው። ይህን ያገኘችው ዳታቤዝ እንዴት እንደሚቆልፍ ባለፈው ዓመት ስትታገል ስለተማረች ነው። ያን ጊዜ «ለምን ይጠቅመኛል?» ብላኝ ነበር።

በዚያ አላበቃም። መቆለፉን ስታስብ ሌላ ነገር መጣላት። አንዱ እየከፈለ ሳለ ወንበሩ ለጥቂት ደቂቃ ይያዝለት። ሁለተኛው «አልቋል» ተብሎ አይባረር፣ ወረፋ ይያዝ። የመጀመሪያው ካልከፈለ በራሱ ይለፍለት። ማንም ያላዘዛት ነገር ነው። እኔም አላሰብኩትም። የመጣላት ስህተቱን ስለተረዳችው ነው።

መሣሪያው ለሁላችንም እኩል ተሰጥቷል። ተመሳሳይ ጥያቄ ለጠየቀ ሁሉ ተቀራራቢ መልስ ይሰጣል። እንግዲህ ልዩነቱ የሚመጣው ከየት ነው? ምን እንደሚጠየቅ ከሚያውቅ ሰው። መልሱ የቱ ጋ እንደሚያነክስ ከሚያይ ሰው። የጸሐፊው ምክር ወጣቶችን ይህ ዕውቀት ከመቼውም ይበልጥ ውድ በሆነበት ሰዓት ከትምህርቱ ያስወጣቸዋል። በዚህ ላይ በእውነት አዝናለሁ። ያቺን ልጅ ሊያስቆማት ትንሽ ቀርቶት ነበርና።

«ቶሎ ጥለህ እለፍ» የሚለው ቀረ። የማይሸጥ ምርት ላይ ተጣብቆ መቅረት እንደማይገባ እስማማለሁ። ግን ምርትን መጣልና ዘርፍን መጣል ይለያያሉ። የግራፊክስ (የኮምፒውተር ምስል) ቺፕ ሠሪው ኒቪዲያ በ1995 ያወጣው የመጀመሪያ ቺፕ አልተሳካም። ምስልን በባለ አራት ጎን ቅርጾች ይሠራ ነበር፤ ገበያው ወደ ሦስት ማዕዘን ሄደ። ኩባንያው ሊዘጋ ተቃርቦ ከግማሽ በላይ ሠራተኛውን አሰናበተ። መሥራቾቹ ጀንሰን ሁዋንግና ጓደኞቹ ቺፑን ጣሉት። የግራፊክስ ሥራውን ግን አልጣሉም። በ1997 ያወጡት ቺፕ አዳናቸው። የመጀመሪያው የት እንደተሳሳተ በሚገባ ያውቁ ነበር። የሞባይል ጨዋታ ሠሪው ሮቪዮም «አንግሪ በርድስ»ን በ2009 ሲያወጣ 52ኛ ጨዋታው ነበር። ሃምሳ አንዱ ሁሉ ጨዋታ ነበር እንጂ በየመሀሉ ምግብ ማመላለሻና ባንክ አልሞከሩም።

እኔም የመጀመሪያ ኩባንያዬን ስዘጋ «ይሄ ዘርፍ አይሆንህም፣ ሌላ ሞክር» ያሉኝ ብዙ ነበሩ። ሰምቻቸው ቢሆን ኖሮ ያቺን የማስታወሻ ሳጥን የሚከፍታት ሌላ ሰው ነበር፤ ምናልባትም ማንም አይከፍታትም ነበር። ዛሬም በየሳምንቱ አርብ ከፍቼ አነባታለሁ። ባለፈው አርብ አንድ አዲስ ምልክት አየሁ። ሁለት መጋዘኖች ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ መስቀል እያደረጉ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባኝም። ሰኞ ጠዋት ደውዬ እጠይቃቸዋለሁ።